ያልተቀነጠሰ ጎመን

እናቴን ጎሬ ቀብሬ ወደ ጋምቤላ ስመለስ የጎመን ዘሯን በጨርቅ ቋጥሬ አመጣሁ። ግማሹን እንደ ደጋው ልማድ ፀሐይ ላይ ዘራሁት፤ አንድም አልበቀለም። ባሮ ዳር በቆሎ የምትዘራው ጎረቤቴ «ጠበስሽው እኮ!» ብላ ተቆጣችኝ። የቀረውን ራሷ ጓሮዬ ካለው ማንጎ ጥላ ሥር፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ዘርታ እርጥብ ጆንያ አለበሰችው።

በቀለ። አትክልት ያጽናናል የሚሉኝ ሰዎች ያሰለቹኝ ነበር፤ እኔ ምንም አልተሰማኝም። ውኃ አጠጣለሁ፣ ክሊኒክ ገብቼ እሠራለሁ፣ እመለሳለሁ። አንዴም ሳልቀነጥሰው ሙቀቱ አስቸኩሎት ቢጫ አበባ አወጣ።

«አሁን ምግብ አይሆንም፤ ንቀይው» አለች ጎረቤቴ።

«ተይው፣ ለዘር ነው» አልኳት።

ከቀብሩ ወዲህ ስለሚመጣው ዓመት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።