መጽሐፌን አጠመቁብኝ

ዛሬ ከሥራ ስመለስ መጽሐፌ ጠበል ሲያንጠባጥብ አገኘሁት።

ለሥራ ሞጣ ከተመደብኩ ወዲህ እንዲህ የተናደድኩበት ቀን የለም።

መጽሐፉ የልጆች ነው። አንዲት ልጅ ዘንዶ ጀርባ ላይ ተቀምጣ ደመና ውስጥ ወዳለ አገር ትሄዳለች። ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፣ ግን ደስ እያለኝ ነው የማነበው። ማንንም አያገባውም።

አከራዬ እትዬ ደብሬ ግን ያገባኛል ባይ ናቸው። በሌለሁበት ክፍሌን ከፍተው ገቡና ሽፋኑ ላይ ያለውን ዘንዶ ሲያዩ ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን ጠበል ገለበጡበት።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ አስማት ነው። እንኳን ቶሎ አየሁት» አሉኝ።

ይህን የሚሉኝ አንገታቸው ላይ ክታብ አስረው ነው። የሳሎናቸው ግድግዳ ላይም ዘንዶ አለ። እርግጥ የእሳቸው ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የወጋው ነው።

የራሱትን ገጾች አንድ በአንድ ሳላቅቅ መጥተው በሬ ላይ ቆሙ። ይቅርታ ሊጠይቁ መስሎኝ ነበር።

«ልጅቱ ግን ከዋሻው ወጣች?» አሉኝ።

ዋሻው ያለው መቶ ሃምሳኛው ገጽ ላይ ነው። እኔ እንኳ እዚያ የደረስኩት ትናንት ነው። ሴትዮዋ ለካ አንብበው አንብበው ነው ያጠመቁት።

የመጨረሻው ምዕራፍ እንደተጣበቀ ነው። ቢላቀቅም አልነግራቸውም።

እናንተስ፣ አከራያችሁ ምናችሁን አጠመቀባችሁ?