ካራኾ ከየት መጣች

ልጆቹ «እማማ፣ የዚያችን የስፓኒሽ ስድብ ነገር ጻፊልን» ብለው ያዙኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው፤ ከተጣመመ እነሱ ያቃኑታል።

ያን ጊዜ የምንኖረው አሜሪካ፣ ቻምበርስ ሮድ የሚባል ሰፈር ነበር። ልጄ ሆስፒታል፣ እኔ ሆቴል ጽዳት እየገባን፣ ትንሿን የልጅ ልጄን የምትይዝልን የፊት ለፊት ጎረቤታችን ሜክሲኳዊቷ ነበረች። ከሷ ጋር የምንግባባው በእጅና በሰባራ እንግሊዝኛ ነው። ግን ከሷ ሌላ በሬን የሚያንኳኳ ወዳጅ አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ የንስሐ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩልን መጡ። ቀዝቃዛው ውሃ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ልጅቷ «ካራኾ» አለች። እኛ ምን ገባን። ቄሱ ግን ቆም አሉ። በሥራ ቀን ኮሜርስ ሲቲ በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ከሜክሲኮዎች ጋር ዕቃ ይጭናሉ።

«ይቺን ቃል ከመጋዘን አውቃታለሁ። ጸያፍ ናት» አሉ።

«አበስኩ ገበርኩ» አልኩ።

ልጄ ተቆጣች። «በቃ፣ ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ቤት አትሄድም። ዴይኬር አስገባታለሁ።»

«ከሰው ልታቆራርጪኝ ነው?» አልኳት።

«ሰው ሳይጠየቅ አይፈረድበትም» አሉ ቄሱ። «እርስዎ ሄደው ይጠይቋት።»

ሄድኩ። ቃሏን በጆሮዋ ስነግራት አፏን ያዘች፤ ከዚያ ሳቀች። ድስት ሲያርርባት የምትላት ኖሯል። ምን ማለት ነው ስላት በአገጯ ወደ ባለቤቷ ሱሪ ጠቆመችኝ። እሱ ከሶፋው ተነሣ።

«አይደለም፤ የድሮ መርከብ ምሰሶ ጫፍ ላይ ያለ ቅርጫት ነው። ያጠፋ መርከበኛ እዚያ ወጥቶ ፀሐይ ይመታው ነበር። ሰውን ‹ወደ ካራኾ ሂድ› የምንለው ለዚህ ነው።»

«እንደሱ ቢሆን አንተ እስካሁን እዚያ ነበርክ» አለችው።

እኔ ግን ልቤ ቅርጫቱ ላይ ቀረ። ያ ሰውዬ ከላይ ሆኖ ምን ያይ ይሆን እያልኩ ስንት ቀን የሆቴል አልጋ አነጠፍኩ።

ጎረቤቴ «ከእንግዲህ በቤቴ የሚባለው ካራምባ ነው፤ ካራይም ይሆናል። ለሕፃን ነውር የለበትም» ብላ ቃል ገባችልኝ። ልጄ ቄሱን ጠየቀች፤ እሳቸውም ካራምባን ሲሳደቡባት አልሰማሁም አሉ። ሰኞ ልጅቷ ተመልሳ ሄደች። እኔም ቃሏን ለመድኳት፤ አውቶቡስ ባመለጠኝ ቁጥር ካራምባ ነው። የማኅበር እህቶቼም ከኔ ወሰዷት።

ከዓመታት በኋላ ያቺው የልጅ ልጄ ሃይስኩል ስፓኒሽ ስትማር ነገረችኝ። የቅርጫቱ ነገር ወሬ ነው፤ ማስረጃ የለውም። ትርጉሙ ጎረቤቴ በአገጯ የጠቆመችው ነው፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ግን በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ካራምባና ካራይ ደግሞ ያችው ካራኾ ናቸው፤ ምላሳቸው ላይ ከመጣች በኋላ ያፈሩ ሰዎች ጫፏን የቀየሩባት።