የሲቲና ገበቴ ሞምባሳ ላይ

ሲቲናን የማያውቅ ሰው ዝምተኛ ይላታል። ዝምተኛ አይደለችም፤ ከአፏ እጇ ይቀድማል እንጂ። በሸርቆሌ በኩል ወንዝ ዳር ተወልዳ፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ከእናቷ ጋር ወርቅ ስታጥብ ያደገች የበርታ ሴት ናት። አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንድና ሴት አትለይበትም፤ እኔን እስከ ዛሬ «አንተ» ነው የምትለኝ። እኔ የወርቅውሃ እባላለሁ። ከወሎ አሶሳ በሰፈራ የመጣን ነን፤ መንደራችን አምባ አምስት ይባላል። ስፌት እሰፋለሁ፤ የምታወቀው ግን በስፌቴ ሳይሆን በምላሴ ነው።

በሰማንያ ዘጠኝ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ሞምባሳ የሴቶች ሥልጠና አለ ተባለና ከአሶሳ እኔና እሷ ተመረጥን። የሥራ መሣሪያችሁን ያዙ ስላሉን እኔ ወስፌና አለላዬን፣ እሷ ወርቅ የምታጥብበትን የእንጨት ገበቴ ያዘች። ከቢሮ አብሮን የሄደው ነብዩ የሚባል ወጣት ኃላፊ፣ አውሮፕላን ውስጥ እንኳ «ክልላችንን እንዳታዋርዱ» ማለቱን አልተወም። እናቴ ደግሞ ስትሸኘኝ ቀለበቷን አውልቃ ጣቴ ላይ አደረገችልኝ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ በሬው፣ ማጭዱ፣ ድስቱ ሲሸጥ ያልተሸጠ ቀለበት ነው። በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ ነው አሶሳ ድረስ ያመጣችው። «ሰው ፊት ባዶ ጣትሽን አትቁሚ፤ ብቻ መልሺልኝ» አለችኝ።

ያረፍንበት ሰፈር ባሕሩን ተከትሎ ሆቴል በሆቴል ነው። ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍ፣ ቱሪስት ጭኖ የሚዞር ግመል። ፈረንጁ አሸዋው ላይ ተዘርሮ ፀሐይ ይሞቃል። «ለዚህ ነው እንዴ የሚከፍሉት? አሶሳ ቢመጡ በነፃ ይጠበሱ ነበር!» ብል ሲቲና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ማንጎ ቆራርጠው በርበሬ ነስንሰው ይሸጣሉ፤ እኛ ዘንድ ከዛፍ ወድቆ ፍየል የሚበላውን! ደስ የሚል አገር ነው፣ አልዋሽም። ነፋሱ ብቻውን ሰው ያስተኛል።

በማግስቱ ማለዳ ግን ሲቲናን ውሃው ዳር ቁጢጥ ብላ አሸዋ ስታጥብ አገኘኋት። ፈረንጆች ከበው ፎቶ ያነሷታል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! «ምን ነካሽ አንቺ? እዚህ ድረስ መጥተሽ አሸዋ ማሸት? አዋረድሽን እኮ!» ብዬ ጮኽኩባት።

«አሸዋ አየሁ፣ እጄ እምቢ አለ» አለችኝ፣ ሳትቆጣ።

እኔ መቼ ዝም እላለሁ። ባዶ ጣቶቿን አየሁና «ለመሆኑ ዐወድ ቀለበት እንኳ አላሰረልሽም?» አልኳት። ዐወድ ባሏ ነው። ገበቴዋን ደግማ ሞላች።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ እሷ ስትሰግድ፣ ገበቴዋን አንስቼ ወጣሁ። ከሆቴሉ ራቅ ብሎ ሰው የማይደርስበት፣ ትልልቅ ድንጋዮች ያሉበት ቦታ አለ፤ እዚያ አሸዋው ይጠቁራል። ጥቁር አሸዋ ባለበት ወርቅ አይታጣም ሲሉ አሶሳ ስንቴ ሰምቻለሁ! ባገኝስ አልኩ። ውሃው ሸሽቶ ነበር። ሁለት ድንጋዮች መካከል ተቀምጬ እሷ እንደምታደርገው ሞላሁ፣ አሽከረከርኩ፣ ደፋሁ። ደግሜ ሞላሁ፣ ደፋሁ። ቀና ስል ጣቴ ላይ ቀለበት የለም።

ባሕሩ ተመልሶ እስኪያባርረኝ በጥፍሬ ቆፈርኩ። ገበቴውን ቦታው መልሼ ለሲቲና እያለቀስኩ ነገርኳት። የት ጠፋ ስትለኝ ግን ዐይኔን በጨው አጥቤ «እዚሁ ሆቴሉ ፊት፣ ፊቴን ስታጠብ» አልኩ። የሰደብኩትን ሥራ ሰርቄ ስሠራው ነው ልበላት?

«ወርቅ ከባድ ነው። የወደቀበት ይሰምጣል፣ ሩቅ አይሄድም» አለችና ገበቴዋን ይዛ ወረደች።

ረቡዕና ሐሙስ፣ ከሥልጠናው በፊትም በኋላም፣ ሰው እየሳቀባት አጠበች። በየመሃሉ ቀና ትልና «እዚህ ነው?» ትለኛለች። «እዚህ ነው» እላታለሁ። ነብዩ መጥቶ «ኧረ ይቺን ሴትዮ አስነሺልኝ» ቢለኝ «አንተ ዝም በል! ለእኔ ነው የምትለፋው» ብዬ አባረርኩት። እናቴን ምን ብዬ አያታለሁ?

ዓርብ መመለሻችን ነው፤ መኪናው ለሦስት ሰዓት ተቀጥሯል። ሲቲና ገና በማለዳው ሆቴሉ ፊት ቁጢጥ ብላለች፤ እጆቿ በጨው ውሃ ተሰነጣጥቀዋል። «እዚህ ነው?» አለችኝ።

አልቻልኩም። «አይደለም» አልኳት። «እዚያ ድንጋዮቹ ጋ ነው። ገበቴሽን ሰርቄ ወርቅ ሳጥብ ነው የጠፋኝ። በቃ፣ ይኸው!»

«አውቃለሁ» አለች። «ገበቴ ላይ ጥቁር አሸዋ ነበር።»

«ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አንተ እዚህ ነው አልክ። ትልቅ ሰው ነህ። ውሸታም ልበልህ?» ከዚያ ባዶ ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችኝ። «ወርቅ የሚያጥብ ሰው መጀመሪያ ቀለበት ያወልቃል። የዐወድ ቀለበት ቤት አለ።»

እንደዚያ ዕለት አፍሬ አላውቅም።

ሮጥን። ባሕሩ በየቀኑ ዘግየት እያለ ስለሚሸሽ ድንጋዮቹ ሥር ገና ጉልበት የሚደርስ ውሃ ነበር። ማዕበሉ እንዳይጥላት ወገቧን በነጠላዬ አስሬ ከኋላ ያዝኳት። ትሞላለች፣ ታሽከረክራለች፣ ትደፋለች። ነብዩ ከሩቅ ሰዓቱን እያሳየ ይጮሃል። ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ ከሁለቱ ድንጋዮች መካከል አንድ ገበቴ ዛቀች። አሽከረከረችና እጇን አቆመች። ጥቁሩ አሸዋ ላይ የእናቴ ቀለበት ተጋድሟል።

እልልታዬን አቀለጥኩት። ጣቴን ስዘረጋ ሲቲና እጄን ገፋ አደረገችው። የነጠላዬን ጫፍ ጨመቀች፣ ቀለበቱን እዚያ ቋጠረች፣ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው። «ጣትህ ቀጭን ነው፣ መንገድ ሩቅ ነው» አለችኝ።

አምባ አምስት ስደርስ እናቴ ከሰላምታዋ በፊት ጣቴን አየች። ፊቷ ጠቆረ። የነጠላዬን ጫፍ ሰጠኋት። ጨው ያደረቀውን ቋጠሮ እያገላበጠች ዳበሰችው፤ ለመፍታት አልቸኮለችም።

«ማን ቋጠረልሽ?»

«ሲቲና ናት፣ ያቺ የበርታዋ።»

«ይቺ ሴት ስደት ታውቃለች» አለች እናቴ።

አሥር ቀን ሙሉ አንድ ክፍል አድረን ምን ስደት እንዳየች አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም ነበር።