የቅዳሜ ሰላምታ

ሚስቴ ዕዳዬን ያወቀችው ከጫማዬ ነው። ቤታችን ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ካለው አስፋልት ብዙም አይርቅም። ከታክሲ ወርዶ ኮብልስቶኑን ይዞ ለሚመጣ ሰው በክረምትም ቢሆን ጫማው እምብዛም አይበላሽም። እኔ ግን ያን ክረምት በየቀኑ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ለብሼ ነበር የምገባው። መጀመሪያ፣ የምቀባው ቤት ግቢው ጭቃ ነው አልኳት። እሺ አለች። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራ ጠፋ፤ ጭቃው ግን አልጠፋም። አንድ ቀን ከሰዓት በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ አጎንብሳ አየችውና፣ «ሥራ የለህም። ታዲያ ይሄ የወንዝ ዳር ጭቃ ከየት ነው የሚመጣው? ከማን ነው የምትሸሸው?» አለችኝ።

ቀለም ቀቢ ነኝ። ሥራ ሲገኝ ወር ሙሉ ከመሰላል አልወርድም፤ ሲጠፋ ደግሞ ሮለሬ ደርቆ ድንጋይ እስኪመስል እቀመጣለሁ። በተለይ በዝናብ ወራት የውጭ ግድግዳ የሚያስቀባ ሰው የለም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ያን ስህተት የሠራሁት። ሳንሱሲ አካባቢ ባለሦስት ፎቅ ቤት የሚያሠራ ሰው ነበር። እስከዚያ ድረስ በቀን ሒሳብ ነበር የሚያሠራኝ። አንድ ቀን፣ «ቀለሙንም ራስህ ችለህ ሙሉውን ለምን አትይዘውም? ትርፉ ላንተ ነው» አለኝ። ኮንትራክተር ሆንኩ ብዬ ለሚስቴ አንድ ኪሎ ሥጋ ይዤ ገባሁ፤ በመንገዴም ሰፈሩን ሁሉ በኩራት ሰላም አልኩ።

ቀለሙንና ግድግዳ ማለስለሻውን ስቱኮ ማዞሪያው አጠገብ ካለው የቀለም መደብር በዱቤ አወጣሁ። ባለመደብሩ ጠጉራቸው የሸበተ፣ በበጋም ሹራብ የማይለያቸው፣ ቀኑን ሙሉ መደብራቸው በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም የሚሉ ሰው ናቸው። ብሩሽ ማጠብ ስማር ጀምሮ ያውቁኛል። ፊርማ እንኳ ሳይጠይቁኝ፣ ሠራተኞቻቸውን «ጻፉበትና ስጡት» አሉ። ሁለተኛውን ፎቅ ጨርሼ ሦስተኛውን ስጀምር የቤቱ ባለቤት ስልኩን ዘጋ። ቆይቶ ቤቱን ለሌላ ሰው ሸጦ መሄዱን ሰማሁ። አዲሱ ባለቤት እኔን አያውቀኝም፤ እኔም የማሳየው ውል የለኝም። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው።

ለመደብሩ ሰማንያ ሺህ ብር ቀረብኝ። አብረውኝ ለሠሩት ሁለት ቀቢዎች ለመክፈል ብዬ፣ እቁብ የወጣለትን ጓደኛዬን ለምኜ በእሱ ተራ እኔ ወሰድኩ። ከዚያ የእቁቡን የየሳምንት መዋጮ ለመጣል ሌላ ሰው ጋ ተበደርኩ። ለዚያ ሰው ለመመለስ ደግሞ የቤት ኪራዩን አሳደርኩ። ሲቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ፤ እኔ ጤፉን ተበድሬ የማስፈጫውንም ተበደርኩ።

ገንዘቡ ከበደኝ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ግን ያ በርጩማ ከበደኝ። ወደ ታክሲ ስሄድም ስመለስም ባለመደብሩ እዚያ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ሰሞን ስልክ የማወራ መስዬ አለፍኩ። በኋላ ስልክ ማስመሰሉም ስላሳፈረኝ ከሰፈሩ ጀርባ ባለው የወንዝ ዳር ጥርጊያ መዞር ጀመርኩ። የግቢያችን የቆርቆሮ በር በተንኳኳ ቁጥር «መጡ» እላለሁ። አንድ ጊዜ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ሲያንኳኳ አልጋ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን አንድ ቀንም አልመጡም። አለመምጣታቸው ደግሞ ይብስ ያስፈራኝ ነበር፤ ምን እያሰቡ ይሆን እያልኩ።

ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳት። ስነግራት አንዴም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «እና ያን ቀን የበላነው ሥጋ የማን ገንዘብ ነው?» አለች። ለሁለት ቀን በቅጡ አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነበር። በሦስተኛው ቀን ልብስ እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ «ሽማግሌ ላክባቸው» አለችኝ።

«ሽማግሌ ለትዳር ነው የሚላከው፤ ወይ ለተጣላ ሰው።»

«አንተስ ምን ለየህ? ሰው ሳይጣላ በወንዝ ዳር ይዞራል?»

ሦስት ሰው ለመንኩ። አንደኛው የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ንግግር ሲጀምሩ ሰዓት የማያዩ ሰው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ መምህር። ሦስተኛው አከራያችን ነበሩ። አከራያችን ራሳቸው የሁለት ወር ኪራይ ይፈልጉብኛል፤ ስለዚህ፣ «እሄዳለሁ፤ እግረ መንገዴን የራሴንም አማልዳለሁ» ብለው ሳቁብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ባለመደብሩ ቤት ሄዱ። ደንቡ ነውና እኔ አብሬ አልገባሁም። ከግቢያቸው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አሥር ደቂቃ ይበቃቸዋል ብዬ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሆነ። የቤቱ ሠራተኛ እየሮጠች ወጥታ ከሥጋ ቤት ጥቁር ፌስታል ይዛ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሳጥን ለስላሳ ገባ። ዕዳ ለማስማማት የሄደ ሰው እንዲህ ሲስተናገድ አይቼም ሰምቼም ስለማላውቅ ግራ ገባኝ። ሦስተኛ ሻይ አዘዝኩ፤ እሱንም በዱቤ ነው።

ከገቡ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሽማግሎቹ ወጡ። አከራያችን ጥርሳቸውን በስንጥር ይጎረጉራሉ። መምህሩ ከሳቃቸው የተነሣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። የእድሩ ዳኛ ብቻ ኮስተር ብለው፣ «ና ቁጭ በል፤ አዋርደህናል» አሉኝና የሆነውን ከመጀመሪያው ነገሩኝ።

ለካስ ባለመደብሩ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻቸው። ቤተሰቡ ካሁን አሁን ሽማግሌ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅበት ሰሞን ነበር። እሑድ ጠዋት ሦስት ጋቢ ለባሽ በር ላይ ሲቆም የቤቱ እመቤት እልል ማለት ነው የቀራቸው። ተቀመጡ ሲባሉ ደግሞ የእድሩ ዳኛ እንደ ደንቡ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ባለመደብሩም እንደ ደንቡ፣ «ተቀመጡ፤ ሽማግሌ ከቤቴ አፍሮ አይመለስም» ሲሉ መለሱ። የኛዎቹ፣ ዕዳው የታወቀ ነውና ነገሩ ገብቷቸው ምሕረት ማድረጋቸው ነው ብለው በደስታ ተቀመጡ። ጥብሱ ቀረበ። ተበላ። እጅ ከታጠበ በኋላ ባለመደብሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ልጁ የማን ልጅ ነው?» አሉ።

የእድሩ ዳኛም፣ «ልጁማ እርስዎም ያውቁታል። ቀለም ቀቢው ነው» አሉ።

ባለመደብሩ ብድግ አሉ። «ቀለም ቀቢው? እሱ ሚስት የለውም እንዴ?»

«አለችው እንጂ! እሷ ናት ሽማግሌ ላክ ያለችው!»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሆነውን የእድሩ ዳኛ ሊነግሩኝ አልቻሉም፤ እሳቸውም ሳቁ ያዛቸው። የቤቱ እመቤት በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ወደ ጓዳ መሮጣቸውን፣ ልጅቷም ከጓዳ ስትስቅ መሰማቷን መምህሩ ጨመሩልኝ። ነገሩ ተጣርቶ ዕዳ መሆኑ ሲታወቅ ባለመደብሩ ተመልሰው ተቀመጡ። ቃል ከአፋቸው ወጥቷል፤ ሽማግሌ ከቤቴ አፍሮ አይመለስም ብለዋል፤ በዚያ ላይ ጥብሱ ተበልቷል። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ቀን አልቆርጥበትም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩልኝ። በየሳምንቱ ቅዳሜ በመደብሬ በር ይለፍ። ካለው ይስጠኝ፤ ከሌለው ሰላም ብሎኝ ይሂድ። በጓሮ ግን አይዙርብኝ። የወንዙን መንገድ የማላውቅ መስሎታል?»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ኪሴ ውስጥ የታክሲ ሳንቲም ብቻ ነበረች። ሚስቴ፣ «የለኝም ለማለትም ቢሆን ሂድ» ብላ ሸሚዜን ተኩሳ ሰጠችኝ። ከቤቴ እስከ ማዞሪያው ያለችው መንገድ ያን ቀን የተጎተተች መሰለችኝ። ደርሼ፣ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» አልኩ። «ዛሬ የለኝም።»

«ደኅና ነህ? ባለቤትህስ?» አሉኝ። «በል ደኅና ዋል።»

አለቀ፤ ይኸው ነበር ሦስት ወር በጭቃ ያስዞረኝ ነገር። አስፋልቱን እስክሻገር እንባዬ እንዳይታይ ወደ ላይ ወደ ደመናው እያየሁ ሄድኩ።

ሳምንት ከሳምንት እግሬ ለመደ። አንዳንድ ቅዳሜ ሁለት ሺህ፣ አንዳንዴ ሁለት መቶ፣ ብዙ ጊዜ ሰላምታ ብቻ። ሚስቴ የቤቱን ገንዘብ ተረከበችኝ፤ የእቁቡን፣ የኪራዩን፣ የመደብሩን ለየብቻ በፌስታል ቋጥራ ታስቀምጣለች፤ እኔ ሥጋ ልግዛ ስል በዓይኗ ታስቀረኛለች። ሌላ የሚፈልጉብኝ ሰዎችም በፊት ለፊት መሄዴን ሲያዩ፣ «ለኔስ የትኛው ቀን ነው?» እያሉ ቀን ተካፈሉኝ። አንዱ ብቻ ተቆጥቶ ሰድቦኛል፤ እሱንም በሐሙሱ ቀኑ እየሄድኩ ሰላም አልኩት፤ ስድቡ አለቀበት።

ያላሰብኩት ነገር ደግሞ መጣ። ቀለም ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ፣ «ጥሩ ቀቢ ታውቃላችሁ?» ብሎ የሚጠይቀው እዚያው መደብር በር ላይ ነው። ባለመደብሩም ወደ እኔ እያመለከቱ፣ «ይኸው አማቼ! ሊያገባብኝ ሽማግሌ ልኮ የነበረ» ይሉና ያሥቁብኛል። ደንበኛው እየሳቀ ስልኬን ይመዘግባል። ሦስት ወር ሙሉ የሸሸሁት በር ሥራዬ የሚገኝበት በር ነበር። እንዲህ ዓይነት ሞኝ ነኝ እንግዲህ።

በዓመቱ ለልጅቷ እውነተኞቹ ሽማግሎች መጡ። ለሠርጉ የባለመደብሩን ቤት ከውስጥም ከውጭም እኔ ቀባሁት፤ ቀለሙ የሳቸው፣ ጉልበቱ የእኔ፤ ሃያ አምስት ሺህ ብር ከዕዳዬ ተነሣልኝ። የሳሎኑን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ነው የደገምኩት። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ልከው አልነበር? ቀሩብኝ» አለችኝ። ሚስቴ ከኔ ብሳ ሳቀች።

ካንዱ ቅዳሜ ወደ ሌላው እያልኩ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የመጨረሻዋን ዘጠኝ መቶ ብር አስረከብኩ። ባለመደብሩ ደብተራቸውን ገልጠው ስሜ ያለበትን ገጽ ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶ ሰረዙት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እሳቸውም፣ «አብሮ ይስጠን» ብለው ወደ በርጩማቸው ተመለሱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ሥራ የለኝም፤ የምከፍለውም የለኝም። ጋቢዬን ተከናንቤ እስከ ረፋዱ ተኛሁ። ልክ ሻይ ልጠጣ ስነሣ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። ልምድ ክፉ ነው፤ «መጡ» አልኩ። ሚስቴ ከፈተች።

ባለመደብሩ ናቸው። ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ሹራባቸው ትከሻው ላይ ረጥቦ፣ ቤቴን ስለማያውቁት ሲጠይቁ አንዱ አቋራጭ ነው ብሎ በወንዙ ዳር መርቷቸው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል።

«አማቼ ዛሬ ቀረ፤ ታሞ ይሆን ብዬ ነው» አሉ።

ዕዳ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ ብዬ ስንት ቀን የፈራኋቸው ሰው፣ ዕዳው ሲያልቅ መጡ። ሚስቴ ጫማቸውን አየች፤ ቀና ብላ እኔን አየችና በእጇ አፏን ያዘች። «ይግቡ ጋሼ፣ ሻይ ደርሷል» አለቻቸው። ጫማቸውን በር ላይ ሲያወልቁ ተቀበልኳቸውና ባልዲ ውሃ አቅርቤ ማጠብ ጀመርኩ። «ተው እንጂ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ። እኔ ግን አልተውኩም፤ ያን ጭቃ እንዴት እንደሚለቅ ከሰፈሩ ሁሉ አስበልጬ የማውቀው እኔ ነኝ።