የሮቢት ላብና የእኔ ስኳር

ባጃጅ ሸዋ ሮቢትን ባጥለቀለቀበት ጊዜ ነው ስኳር እንዳለብኝ ተነግሮኝ መርፌ የታዘዘልኝ። ሐኪሙ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ፤ «ላብ ካጠመቀዎትና ከተንቀጠቀጡ ስኳርዎ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ጣፋጭ ይቅመሱ» አለኝ። ምክሩ ትክክል ነው። የተሰጠው ግን ሮቢት ገበያ ፀሐይ ላይ ሽንኩርት ለምትሸጥ ሴት ነው። እዚህ አገር በግንቦት ላብ የማያጠምቀው ሬሳ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ የያዝኩትን አልለቅም። ግንባሬ ረጠብ ባለ ቁጥር መቀነቴን ፈትቼ ከረሜላ እጎርሳለሁ። ልቤ ሲመታ «መጣ፣ ልወድቅ ነው» እልና እደግማለሁ። ስኳሬ ሽቅብ ወጣ፤ ፍርሃቴም ተከተለው። በመጨረሻ ብቻዬን መዋል አቃተኝና ልጄ አብራኝ ትቀመጥ ጀመር። ደሴ ኮሌጅ ተመድባ ነበር፤ መመዝገቢያው እየቀረበ «አንቺን ጥዬማ አልሄድም» አለችኝ። ይህ አንገበገበኝ።

ጤና ጣቢያ ፍርሃት የያዘውን ሰው እያነጋገረ የሚረዳ ነርስ አለ ተባልኩና ሄድኩ።

«ወሬ ደግሞ ስኳር ያወርዳል?» አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

ልጅ እግር ነው፤ አልተቆጣም። «ስኳሩንስ መርፌዎ ያወርደዋል፣ እትዬ። እኔ የምፈልገው ፍርሃትዎን ነው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ዘረገፍኩለት፤ ገበያ መሀል ተዘርሬ፣ ሰው ከቦኝ፣ ልጄ ስትጮህ እንደሚታየኝ ነገርኩት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ሲነገር አነሰብኝ።

በሌላ ቀን ስሄድ፣ «ከጎንዎ ማሾ ይሸጣሉ ያሉኝ ሴትዮ ያልባቸዋል?» አለኝ።

«እንዴታ! ከእኔም ይብሳሉ።»

«እሳቸውም ከረሜላ ይጎርሳሉ?»

ተናደድኩ። ከዚያ ሳቅ አፈነኝ።

አንድ ነገር ተስማማን። ላብ ሲመጣ ጥላ ውስጥ ገብቼ ጣቴን ወግቼ ጤና ጣቢያ በሰጡኝ የስኳር መለኪያ አያለሁ። ወርዶ ከሆነ ጣፋጩን እወስዳለሁ፤ ካልወረደ እጄን ሰብስቤ እቀመጣለሁ። መቀመጡ ቀላል እንዳይመስላችሁ! እጄ ወደ መቀነቴ ይሮጣል፣ እመልሰዋለሁ። ልቤ ይዘላል፣ ይዘላል፣ በኋላ እሱም ይደክመዋል። አንድ ቀን እውነትም ወርዶ አገኘሁት። ጣፋጬን ወሰድኩ፣ ቆይቼ ለካሁ፣ ተሻለኝ፣ ሽንኩርቴን መሸጥ ቀጠልኩ። «የፈሩት ይደርሳል» ይባላል፤ ደረሰ፣ አልፎም ሄደ። ልብ የሰጠኝ ያ ቀን ነው።

ልጄን መናኸሪያ ሸኘኋት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ፊቴን ስታይ ደነገጠች። «እማ፣ ላብሽ!» ብላ ልትወርድ እግሯን ሰነዘረች።

«ለክቼ ነው የመጣሁት። ሙቀት ነው፣ ግቢ!» ብዬ መልሼ ገፋኋት።

አውቶቡሱ ከዓይኔ ሲጠፋ ሰው ፊት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ገና ከመሄዷ ናፈቀችኝ። አንድ የባጃጅ ሾፌር አጠገቤ አቆመና «እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ።

«ደኅና ነኝ» አልኩት። ይህ ቃል ከአፌ ከወጣ ስንት ጊዜው!