ወለተ ኪዳን የሞተችው ከአራት ዓመት በፊት ነው

ዛሬ ጠዋት ፍሩትቬል ጣቢያ ባቡር እየጠበቅኩ ስልኬን ከፈትኩ። «ወለተ ኪዳን ዛሬ ንጋት ላይ አረፈች» ይላል የደረሰኝ መልእክት።

ባቡሩ መጥቶ ሄደ። ደግሜ አነበብኩት። ወለተ ኪዳን እናቴ ናት። እናቴን ከቀበርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል።

ከዚያ ከሥሩ ያለውን ፎቶ አየሁ። ነጭ ፀጉር፣ አንገቷ ላይ የብር ጨረቃ። ዴብራ። የሞተችው ዴብራ ናት፣ በእናቴ ስም።

ብዙዎቻችሁ አታውቋትም። ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ፣ ሁላችንም ጥብስ ከምንበላበት ቤት ፎቅ ላይ፣ እሁድ ከሰዓት ክላስ ትሰጥ ነበር። ፔጋኒዝም ይሉታል፤ ክርስትና አውሮፓ ሳይገባ በፊት የነበረውን እምነት እንማራለን ነው የሚሉት። ወንበር ክብ ተደርጎ ይደረደራል። አራቱን አቅጣጫዎች እንዴት እንደሚጠሩ፣ ጨረቃ ስትሞላ ምን እንደሚደረግ፣ ጨው እንዴት እንደሚባረክ ታስተምራለች። ኖት እንይዛለን። ሆምወርክ ሁሉ አለው። ብራያን የሚባል ኢንጂነር የአጋዘን ቀንድ አድርጎ ይመጣል። የጫካ አምላክ በውስጤ አለ ይላል፤ የጎረቤት ቡችላ ስትጮህበት ግን ወንበር ላይ ይወጣል።

«አንቺ ልጅ፣ ማስተርስሽን ይዘሽ ጣዖት ልትማሪ ሄድሽ?» ብላኝ ነበር ሳን ሆዜ የምትኖረው አክስቴ።

የሄድኩበት ምክንያት ነበረኝ። የእናቴ አርባ ካለፈ በኋላ ስለ እሷ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም «በርቺ» እያለ አለፈ። ዴብራ ግን በመጀመሪያው ቀን አጠገቤ ተቀምጣ «እናትሽ ስትስቅ እንዴት ነበረች?» አለችኝ። አለቀስኩ። ካፖርቷን አውልቃ ደረበችልኝ። ይህን አልክድም። ይበልጥ የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

መኸር ሲመጣ ሙታን የሚጠሩበት ሥርዓት አላቸው። እያንዳንዱ ሰው ተነስቶ የሞተበትን ሰው ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። አንዱ አያቱን ጠራ፣ አንዷ ድመቷን። እኔ «እማዬ» አልኩ።

«ሙታን የሚመጡት በእውነተኛ ስማቸው ነው» አለች ዴብራ። «አትፍሪ፣ ከዚህ ክበብ አይወጣም።»

እናቴ ሆስፒታል ተኝታ የክርስትና ስሟን በጆሮዬ ስትነግረኝ «ካህኑ ለፍትሐት ሲጠይቁሽ ትሰጫለሽ፤ ለሌላ ለማንም እንዳትሰጪ» ነበር ያለችኝ። እኔ ለአሥራ ሁለት ፈረንጅ ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ፣ ጮክ ብዬ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልደብቅም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አክስቴ ደወለች። «ያቺ አስተማሪሽ ሳን ሆዜም ክላስ ከፈተች መሰለኝ፤ ፎቶዋ እዚህ ሱቅ መስኮት ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ ወለተ ኪዳን ይላል። ክርስትና ተነሳች እንዴ?» ሳቀች። ከዚያ ደግማ አነበበችው። «ቆይ... ይሄ የእህቴ ስም አይደለም?»

በነሱ ልማድ ሰው አዲስ የእምነት ስም ለራሱ ይመርጣል። ቤተ ክርስቲያን አፈነችኝ ብላ የወጣች ሴት፣ ከዓለም ስም ሁሉ የጥምቀት ስም መርጣ ለበሰች። ይህን ያህል የተማረ ድንቁርና አይቼ አላውቅም።

ሄጄ ክላሱ መሃል ቆምኩ። «ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ትርጉሙ አያስጨንቀኝም። ድምፁ የወንዝ ድምፅ ነው።»

«የኪዳን ልጅ ማለት ነው። በሰማንያ ቀኗ ቄስ አጥምቀው የሰጧት ስም ነው። ወንዝ አይደለም።»

ፈገግ አለች። «የኔ ማር፣ የጠራሽ ነገር ሁሉ ያንቺ ነው።»

አባባሏ ነበር። መንገድ ላይ ላባ ስታነሳም፣ የማታውቀውን ሕዝብ ጸሎት ስትገለብጥም ይህንኑ ነበር የምትለው። ስትናገረው መርቆ የሰጣት ሰው ያለ ይመስል ነበር።

ብራያን ቀንዱን እያስተካከለ «መጥፎ ኢነርጂ ይዘሽ ገባሽ» አለኝ። ከዚያ በእኔና በነሱ መሃል ወለሉ ላይ ጨው አፈሰሱ፣ እንዳልሻገር። እኔ ወዲያ፣ የእናቴ ስም ወዲህ ሆነ። ዴብራ ቀና ብላም አላየችኝም። ጨዉን ረግጬ ወጣሁ።

አክስቴ መኪና ውስጥ ትጠብቀኝ ነበር። «ምን አደረጉሽ?»

«ጨው አፈሰሱብኝ።»

«በርበሬ ቢጨምሩበት እንኳን ሙያ ነበር» አለች። እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ እሷ መሪውን ይዛ አለቀሰች።

አሁን ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ተሰብስበው «ወለተ ኪዳን» እያሉ ሦስት ጊዜ ሊጠሯት ነው። ነጭ ለብሳችሁ ኑ ብሏል ብራያን።

ስሙን እዚህ መጻፌ የሚገርማችሁ ትኖራላችሁ። አንዴ አደባባይ ወጥቷል። ቢያንስ የማን እንደሆነ ይታወቅ።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። አክስቴም ትመጣለች። ሲጠሩት «እሷ እዚህ የለችም» እላለሁ፤ በጠሩት ቁጥር፣ ሦስቴም ቢሆን። እናቴን ከእጄ ወስዶ አከበርኩልሽ የሚለኝን ሰው ከዛሬ ጀምሮ አልሰማም። ሐዘንም ቢሆን፣ ቀብርም ቢሆን።

ዴብራ፣ ዕድሜሽ የእናቴ ዕድሜ ነው፤ እርስዎ ልልሽ ይገባ ነበር። አልልም። ስለ ካፖርቱ አመሰግናለሁ። እናትሽ ያወጣችልሽ ስም አለሽ፣ መጥፎም አይደለም፤ በሱ ሂጂ። ደህና ሁኚ፣ ዴብራ። የእናቴን ስም ግን እዚህ ትተሽ ነው የምትሄጂው።