ወደ ውስጥ የሚገቡ ቀስቶች

ፖሊሶች የያዙኝ ቡራዩ ታክሲ መያዣው ላይ፣ ወደ ማታ ትምህርት ስሄድ ነው። ቦርሳዬ ሲፈተሽ የታጠፈ ወረቀት ወጣ፦ መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ፣ በክቡ ውስጥ የመቀነስ ምልክት፣ ከየአቅጣጫው ወደ ክቡ የሚገቡ ቀስቶች። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ ወጣቱ የሚታፈስበት ሰሞን ነበር።

መርማሪው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«ይቺ አዲስ አበባ ናት። ይሄ ከሰበታ፣ ይሄ ከሱሉልታ፣ ይሄ ከዚሁ ከቡራዩ። መቼ ልትገቡ ነው?»

«ካርታ አይደለም። የፊዚክስ ሥዕል ነው፤ የኤሌክትሪክ ኔጋቲቭ ቻርጅ። ቀስቶቹ የሚስብበትን አቅጣጫ ነው የሚያሳዩት። ተማሪ ነኝ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«ዘግይቼ ነው የጀመርኩት።»

«እስከ ነገ አስቢበት። ካላመንሽ ለሌሎች አስረክብሻለሁ። እነሱ እንደኔ ቁጭ ብለው አይጠይቁም።»

ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው፤ ግድግዳው አሁንም ገብስ ገብስ ይሸታል። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ የሱሉልታ ልጅ፣ አክስቷ ጋ መጥታ የታፈሰች። «አካም ጅርታ፣ እትዬ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና ካርቶኗ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። የታሰርኩበትን ምክንያት ነገርኳት።

«ቀስት ሥለሽ?» ሳቀች። «እኔ እኮ ምንም ሳልሥል ነው። ይሄ ፊልድ ላይን የሚሉት የቀስት መስመር ደግሞ በሕይወቴ ገብቶኝ አያውቅም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውም ለኔ አብቅቷል።»

ጣቴን በመጠጥ ውሃ አርሼ ሲሚንቶው ላይ የመቀነስ ምልክቷን ሣልኩ።

«እዚህ ጋ ትንሽ ፖዘቲቭ ቻርጅ ብናስቀምጥ ወዴት ትሄዳለች?»

«ወደ ኔጋቲቩ።»

«ቀስቱ ይኸው ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።»

እሷም ሞከረች። ሁለት መስመሮቿ እርስ በርስ ተቋረጡ።

«እዚህ መገናኛው ላይ ብናስቀምጣትስ?»

ብዙ አሰበች። «ባንዴ ሁለት ቦታ መሄድ አትችልም።»

«ስለዚህ?»

«ቶሌ፣ ገባኝ! መስመሮቹ አይቋረጡም!»

ውሃው ሲደርቅ እንደገና ሣለች። ሲደርቅ፣ እንደገና። ራት ሲመጣ እንኳ ጣቷን ከወለሉ አላነሳችም።

ጠዋት መጀመሪያ እሷን ጠሩ። ቀጥሎ እኔን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ነበር።

«ለብቻዋ አስቀምጬ አስሣልኳት። ከአንቺው ጋር አንድ ነው» አለ። «ተመካክራችኋል።»

«አስተምሬያታለሁ። ያላስተማርኳትን ይጠይቁኝ።»

ባዶ ወረቀት ላይ ሁለት የመቀነስ ምልክት ጎን ለጎን አስቀምጦ እስክሪብቶውን ገፋልኝ። ቀስ ብዬ ሣልኩ። ቀስቶቹ ወደ ሁለቱም ገቡ፤ መሃል አካባቢ ሲደርሱ ግራና ቀኝ ታጠፉ።

«መሃሉን ለምን ባዶ ተውሽው?»

«ሁለቱ እኩል ይስባሉ። እዚያች ነጥብ ላይ ያለች ቻርጅ ወዴትም አትሄድም።»

ሥዕሉን አዙሮ አየው። «መሃሉ ባዶ የሆነ ካርታ አይቼ አላውቅም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ከቦርሳዬ የወጣውን ወረቀት ወደ ፋይሉ ሊያስገባ አነሳ።

«ይቅርታ» አልኩ። «አንዷ ቀስት ተገልብጣለች፤ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለሣልኩት ነው። ላስተካክላት።»

«አሁን ይሄን ማን ያየዋል?»

«ስሜ ተጽፎበታል።»

እስክሪብቶውን ሰጠኝ። አስተካከልኳት።

ለሌሎች አላስረከበኝም። ልጅቷ ከኔ ቀድማ ተፈታች። በሩ ላይ ዞራ «እትዬ፣ ፈተናው ላይ ይቺ ከመጣች አለቀላት!» አለችኝ፤ ጥበቃው ምን እንዳለች አልገባውም።

ዛሬ እኔም ማታ ማታ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ወረቀቱ አልተመለሰልኝም። የት እንደገባ አላውቅም። አንድ ቀን ፋይሉን የሚከፍት ሰው ካለ፣ የሚያገኘው ትክክለኛ ሥዕል ነው።